መጀመሪያ እጆቹን ተመልከቱ፦ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥዕሎችን እንዴት እናነባለን?

ሙያዬ መስታወትና አሉሚኒየም ነው፤ የምሠራውም ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ። ከሱቅ በርና ከመኖሪያ ቤት መስኮት ጋር የአብያተ ክርስቲያናት ሥራም ይመጣልኛል፦ ባለቀለም መስታወት፣ ሥዕል የታተመበት ስቲከር የሚለጠፍበት መስታወት፣ አልፎ አልፎም በእጅ የተሳለ። መስኮቱ ተገጥሞ መሰላሉ ሲነሣ ከሥር የተሰበሰበው ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ሰማያዊው ምን ማለት ነው? ቀዩስ?»

ጥያቄው አይከፋም፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከቀለም የሚነሣ ሰው የመሰለውን ሁሉ እየተረጎመ ይሄዳል፤ የሚያርመውም የለም። እኔ ደግሞ የገበያውን ነገር አውቃለሁ። አንዳንዱ አረንጓዴ አረንጓዴ የሆነው የተፈለገው ቀለም ከመደብር ስለጠፋ ነው። ድርጊቱ ግን እንዲህ በአጋጣሚ አይወሰንም። ሠዓሊ ከረጅም ታሪክ ውስጥ አንዲት ቅጽበት መርጦ ያቆማል፤ የትኛዋን እንደመረጠ የሚናገሩት ደግሞ የሰዎቹ እጆች ናቸው። እጁን ያነበበ ጥቅሱን ያገኛል፤ ጥቅሱን ያገኘ ሰው ትርጉሙን ከመጽሐፍና ከመምህራን ይወስዳል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም።

የት እንቁም? መቼ እንሂድ?

የመስታወት ሥዕል ከግድግዳ ሥዕል የሚለየው ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ ነው። ቀን ቀን የሚታየው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የቆመ ሰው ጥቁር መስታወት ብቻ ያያል። በዋዜማ ሌሊት፣ ውስጥ መብራት በርቶ ማሕሌት ሲቆም፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሰው ሥዕሉን ያያል፤ ግን ግራና ቀኙ ተለዋውጦበት ነው። ስለዚህ ከውጭ ያያችሁትን ለመተርጎም አትቸኩሉ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ በስተምሥራቅ ያሉት መስኮቶች በጠዋት ቅዳሴ ሰዓት ያበራሉ። የምዕራቦቹን ለማየት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል። ለሰሜንና ለደቡብ መስኮቶች ወሩ ይወስናል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ታኅሣሥ ላይ የደቡቡ ወገን ቀኑን ሙሉ ሲያበራ የሰሜኑ ደብዛዛ ሆኖ ይውላል። ስቲከር ከደቡብ በኩል ቀድሞ የሚደበዝዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቅዱሳኑ ፊት ገርጥቶ ስታዩ «ሠዓሊው ጾማቸውን ሊያሳይ ነው» ብሎ የሚሰብክ ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና ዝም በሉት።

አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለ። መስታወቱ ተገልብጦ ተገጥሞ እንደሆነ ለማወቅ ስቅለቱን እዩ። በቀደመው ሥርዓት እመቤታችን የምትቆመው በጌታ ቀኝ ነው፤ ማለትም በእኛ በተመልካቾቹ ግራ። ወንጌላዊው ዮሐንስ በሌላው ወገን ይቆማል። ፈያታዊ ዘየማንም፣ ማለትም በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ የሚሰቀለው እመቤታችን ባለችበት በኩል ነው። ሁሉም ተለዋውጦ ካገኛችሁት ስቲከሩ የውስጡ ወደ ውጭ ሆኗል ማለት ነው፤ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ፊደሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ሁለቱ የዓሣ ታሪኮች

እጅን ማንበብ ምን እንደሆነ በአንድ ሥራ ላይ ላሳያችሁ። አንድ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ «የዓሣውን ተአምር» ለሁለት መስኮት ሊያሠራ ሁለት ሥዕሎች ይዞ መጣ። ኮሚቴው ሁለቱ አንድ ታሪክ መስለውታል፤ የሚያከራክረው የትኛው ያምራል የሚለው ብቻ ነበር። አብረው የመጡት መሪጌታ ወንበራቸውን አስጠጉና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በዚህኛው ጌታ የት ነው ያለው?»

«ጀልባው ላይ፣ የኔታ።»

«በዚያኛውስ?»

«ዳር ቆሟል።»

«እንግዲህ ሦስት ዓመት ያህል ልዩነት አላቸው» አሉ።

ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ሉቃስ 5 ነው። ጌታ በጴጥሮስ ጀልባ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ምንም አልያዙም፤ መረቡን ሲጥሉ ግን ሊቀደድ ደረሰ፤ ሁለተኛ ጀልባ ተጠርቶ ሁለቱም ሊሰጥሙ እስኪደርሱ ሞሉ። የጴጥሮስ እጆች እዚህ ላይ መረብ አይስቡም። ተንበርክኮ በጌታ ጉልበት ሥር ወድቋል፤ አንድ መዳፉ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይገፋል፦ «እኔ ኃጢአተኛ ሰው ነኝና ከእኔ ተለይ» የሚለውን ቃል ሠዓሊው በመዳፍ ጻፈው። ሥዕሉ ስለ ዓሣ አይደለም፤ ስለ መጠራት ነው።

ሁለተኛው ዮሐንስ 21 ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ። ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሟል፤ አጠገቡ የከሰል እሳት፣ በላዩ ዓሣ፣ እንጀራም አለ። ጴጥሮስ ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕሩ ዘሏል፤ እጆቹ ወደ ፊት ተዘርግተው ይዋኛሉ ወይም ውኃውን ይቀዝፋሉ። መረቡ 153 ታላላቅ ዓሦች ይዞ አልተቀደደም። ሠዓሊው ጥንቁቅ ከሆነ የመረቡ ገመድ አንዱም ሳይበጠስ ይታያል። በመጀመሪያው «ከእኔ ተለይ» ያለው ሰው አሁን ጀልባው እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶት ውኃ ውስጥ ገብቷል። ኮሚቴው በመጨረሻ ሁለቱንም አሠራ፤ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ያደረግነውም በመሪጌታው ምክር ነው።

በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጣ አንድ ደንበኛዬ የመጀመሪያውን መስኮት አይቶ የተናገረው አይረሳኝም፦ «መረብ መቀደድ ሲጀምር የሰው እጅ ወደ ዓሣው አይሄድም፣ ወደ ቀዳዳው ነው።» ዞር ብዬ አየሁት፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀዛፊዎች እጃቸው ቀዳዳው ላይ ነበር። ሠዓሊው ዓሣ አጥማጅ አይቶ ነው የሠራው።

ለሐዋሳ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በገሊላ ባሕር «የጴጥሮስ ዓሣ» የሚባለው ከእኛ ቆሮሶ ጋር የአንድ ወገን ዓሣ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው መረቡ ውስጥ ቆሮሶ ቢስል አገራችንን ለማስደሰት ብሎ ተረት አልጨመረም። አንድ ሰው ብቻውን የአንድ ዓሣ አፍ ከፍቶ ብር ሲያወጣ ካያችሁ ግን ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ማቴዎስ 17 ላይ ጴጥሮስ የቤተ መቅደሱን ግብር የከፈለበት።

ሁለቱ እሳቶች

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል መቆሚያ ይጠፋል። በሁለቱም በዓላት መልአኩ ከእሳት ሲያድን ስለሚሣል ብዙ ሰው ሥዕሎቹን ያምታታል። የታኅሣሡ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከዳንኤል 3 ነው፦ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በናቡከደነፆር እቶን። የሐምሌው ከገድል ነው፦ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በፈላ ውኃ ጋን ውስጥ። ሦስት ጎልማሶችና ነበልባል ካያችሁ የመጀመሪያው፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ሕፃንና ጋን ካያችሁ ሁለተኛው። በሁለተኛው ላይ የሕፃኑን እጅ እዩ፤ በትውፊቱ ፈርታ የነበረችውን እናቱን የሚያበረታታው እርሱ ስለሆነ ጥሩ ሠዓሊ የልጁን እጅ እናቱ ላይ ያሳርፋል እንጂ በተገላቢጦሽ አያደርገውም።

ወደ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ማለትም ወደ እቶኑ ሦስት ወጣቶች ስንመለስ፣ ያው ምዕራፍ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥዕሎች ይወጡታል። ንጉሡ በጣቱ ወደ ወርቁ ምስል የሚያመለክት ከሆነና ሦስቱ እጃቸውን ወደ ታች አውርደው ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ያ አንሰግድም ያሉበት ቅጽበት ነው። ምስሉ 60 ክንድ ቁመት እንደነበረው ስለተጻፈ አንዳንዴ ከመስኮቱ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። በእቶኑ አፍ ወታደሮች ከወደቁ፣ እሳቱ ሰባት እጥፍ ነድዶ የጣሏቸውን ሰዎች የገደለበት ነው። ንጉሡ ደንግጦ ከዙፋኑ ተነሥቶ ወደ እሳቱ ቢያመለክት ደግሞ ቁጠሩ፦ ውስጥ አራት መሆን አለባቸው። «ሦስት አልነበረም ወይ የጣልነው?» ያለበት ነው። እዚህ ላይ የወጣቶቹን የእጅ አንጓ አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ታስረው ነበር የተጣሉት፤ አሁን ግን ተፈትተው ይመላለሳሉ። እሳቱ ያቃጠለው ገመዱን ብቻ መሆኑን ለማሳየት የተቆረጠ ገመድ ከእግራቸው ሥር የሚስሉ ሠዓሊዎች አሉ። ስቲከሩን ለማሳነስ ከታች በኩል ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው ገመድ ስለሆነ እኔ ከታች መቁረጥ አልወድም።

ታቦር

ከተማችን ታቦር የሚባል ተራራ ስላላት ጌታ በተራራ ላይ መልኩ የተለወጠበትን ሥዕል የሚያሠራ አይጠፋም። ወንጌላቱ የተራራውን ስም አይናገሩም፤ ታቦር ያለው ትውፊት ነው፤ በዓሉንም ነሐሴ 13 እናከብራለን። ስድስት ሰዎች ይኖራሉ፦ ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። ጽላት የያዘው ሙሴ ነው፤ ሌላው ኤልያስ። ከታች ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ አሉ። የጴጥሮስ እጅ ወደ ላይ ከተነሣ «ሦስት ዳስ እንሥራ» እያለ ነው። ሦስቱም ፊታቸውን በእጃቸው ከሸፈኑ ግን ያ አልፏል፤ ከደመናው ድምፁ ወጥቷል። በማቴዎስ 17 ላይ በሁለቱ መካከል ያሉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ ስሜቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ደስታና ፍርሃት።

ማን ማን ነው?

ይህን ማንም ስለሚናገረው በአጭሩ ልለፍ። ቁልፍ የያዘ ጴጥሮስ፣ ሰይፍ የያዘ ጳውሎስ፣ በገና የያዘ ዳዊት፣ የግመል ጠጉር የለበሰ መጥምቁ ዮሐንስ። ሰው ለማቴዎስ፣ አንበሳ ለማርቆስ፣ ላም ለሉቃስ፣ ንስር ለዮሐንስ። መልካቸውና ልብሳቸው አንድ የሆነ ሦስት አረጋውያን ሥላሴ ናቸው፤ አራቱ እንስሳም በማዕዘኖቹ ይሆናሉ። በቀደመው የአገራችን አሣሣል መልካም ሰው ሙሉ ፊቱና ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ደግሞ በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ። ከአውሮፓ በተቀዱ ሥዕሎች ላይ ግን ይህን ሕግ አትጠቀሙ፤ እዚያ ሐዋርያውም በጎን ይሣላል፤ በግፍ ይሁዳ ታደርጉታላችሁ።

የተቀዳ መሆኑን በምን እናውቃለን? በብሥራቱ ሥዕል። እመቤታችን መጽሐፍ እያነበበች መልአኩ ነጭ አበባ ይዞ ከመጣ ምንጩ ምዕራባዊ ነው። በእኛ ትውፊት እመቤታችን ሐርና ወርቅ እየፈተለች ነው የተበሠረችው፤ እጇ ላይ እንዝርት ወይም ክር ይኖራል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት የወረደ ባለአበባ ገብርኤል ለጥፎ ከጎኑ ባለእንዝርት እመቤታችንን ማድረግ ያስቃል። ያንን አሠርተው የሄዱ አሉ፤ መክሬያቸው አልሰሙም።

ፊት ለፊቱን እዩ

አንድ መስኮት ብቻውን ጥቅሱን ይነግራችኋል፤ ትርጉሙን ብዙ ጊዜ የያዘው ግን ጎረቤቱ ነው። በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል፣ አብዛኛው መስታወቱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ እዚያ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ያለበት መስኮት አለ። ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ከታች ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው፣ ወንበዴዎቹ፣ ሳምራዊው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ያልጠበቃችሁት አዳምና ሔዋን ብቅ ይላሉ። ሠሪዎቹ ሁለት ታሪክ ያጣበቁት መስታወት ተርፏቸው አይደለም፤ በመንገድ የወደቀው ሰው አዳም ነው እያሉ ነው።

ይህን ለመሪጌታው ስነግራቸው አልተደነቁም። የእኛ ትርጓሜም ያንኑ ይላል፦ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ጌታ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ የተሰጡት ሁለት ዲናሮች ብሉይና ሐዲስ። ስለዚህ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የብሉይ ሥዕል ስታዩ ዞር ብላችሁ ፊት ለፊቱ የትኛው የሐዲስ ሥዕል እንዳለ ፈልጉ። እንጨት ተሸክሞ ወደ ተራራ የሚወጣ ይስሐቅ ካለ መስቀል የተሸከመ ጌታ ሊኖር ይገባል። በእንጨት ላይ የተሰቀለው የናሱ እባብ ወደ ስቅለቱ ያያል፤ ዮሐንስ 3፥14 ራሱ ነው ያገናኛቸው። ከዓሣው አፍ የወጣው ዮናስ ከትንሣኤው ጋር ይሄዳል። ነድዶ ያልተቃጠለው የሙሴ ቁጥቋጦ እመቤታችን ናት። አብርሃም ቢላዋውን አንሥቶ መልአኩ እጁን ሲይዘው ካያችሁ ደግሞ ከጥግ በኩል በቀንዱ የተያዘውን በግ አትለፉት፤ በጉ ጌታን፣ በጉ የተያዘበት ዛፍ ዕፀ ሳቤቅ እመቤታችንን ይመስላሉ ብለው መምህራን ያስተምራሉ። ብዙ ሰው ቢላዋውን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

መስታወቱ ራሱ

የጥንቱ የመስታወት ሥዕል ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም። መስታወቱ ገና ቀልጦ ሳለ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ከዚያ ቁርጥራጮቹ እርሳስ በሚባለው ብረት ቅንፍ ይያያዛሉ፤ የፊትና የልብስ እጥፋት ብቻ በተፈጨ መስታወትና በብረት ኦክሳይድ ተስሎ በእሳት ይጋገራል። ቢጫውን በብር ውሕድ ማውጣት የተለመደው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። ይህን ማወቅ ለንባብ ይጠቅማል፦ በጥንቱ ሥራ አዲስ ቀለም በመጣ ቁጥር በአመዛኙ አዲስ ቁራጭና አዲስ የእርሳስ መስመር ስለሚያስፈልግ ሠሪው እዚህ ግባ ለማይባል ነገር ቀለም አይለውጥም። ቀለሙ በድንገት የተለየ ነገር ካያችሁ፣ ለምሳሌ በሰማያዊ መካከል አንዲት ትንሽ ቀይ ቁራጭ፣ ሠሪው ደክሞባታል፤ ቀለም መጠየቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ስቲከር ላይ ግን ጥቁሩ መስመር የታተመ ጌጥ ነው። በጣታችሁ ስትዳስሱት ከፍታ ከሌለው ሥዕሉን እንደ ወረቀት ሥዕል አንብቡት።

እውነተኛውን በዓይን ለማየት አዲስ አበባ ስትሄዱ ሁለት ቦታ ጎራ በሉ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች የብሉይና የሐዲስ ታሪኮች አሉ፤ እጅ ለማንበብ መለማመጃ ይሆናሉ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አለ። ርዕሱ አፍሪካ እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስቱ ክፍሎች ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ያየ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ተከታታይ መስኮት ለማንበብ አይቸግረውም።

ከሥር ያለው ጽሑፍና ትንሹ ሰው

ሁሉም ካልገባችሁ ወደ ታች ውረዱ። በቀደሙት ሥዕሎቻችን ላይ የግእዝ መግለጫው ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ እንዴት እንደሰቀሉት፣ እንዴት እንደተነሣ እያለ ድርጊቱን ይናገራል። ግእዝ ባትችሉም ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ግስ አንድ ዲያቆን ቢያነብላችሁ ጥቅሱ ተገኘ ማለት ነው። ፎቶግራፍ ለማንሣት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ በቅዳሴ ሰዓት ደግሞ ጨርሶ አታንሡ።

ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ የሚታይ፣ ከሌሎቹ ያነሰ፣ አክሊለ ብርሃን የሌለው ሰው ካለ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አትፈልጉት፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። በአገራችን ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። በሻርትርም ከሳምራዊው መስኮት ሥር ጫማ ሰፊዎች በሥራ ላይ ሆነው ይታያሉ። የእኛ ደንበኞች ዛሬ በሥዕል ፋንታ ስማቸውን ነው የሚያጽፉት፤ ከነክርስትና ስማቸውና ለማን መታሰቢያ እንደሆነ ጭምር። እኔም ስሙን ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ፣ ከታች በኩል እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ከውስጥ ከገባ ጴጥሮስን በባለሀብቱ ስም የሚጠሩ ሕፃናት አጋጥመውኛል።